አውጫጭኝ በባቡር

መንገደኛ ይዋሻል። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚመሰክርበት ስለሌለ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት ባል ተብሎ ተመዝኖ ያለቀለት ሰው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ሚዛኑ ድንገት ይጠፋል። ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ከመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ወደ ሥራ አስኪያጅነት ያድጋል፤ ደሴ ሲቃረብ ደግሞ ካናዳ የሚኖር ወንድም ያወጣል። አጠገቡ የተቀመጠውም እጁን አጣጥፎ አይሰማም፤ እሱም በበኩሉ አንድ ሁለት ቤት ይሠራል፣ አንዱን ያከራያል። መናኸሪያ ሲደርሱ ስልክ ይለዋወጡና ሳይደዋወሉ በፍቅር ይኖራሉ። ማንም አልተጎዳም።

የወንጀል ምርመራ ልብወለድ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ጠባያችንን ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። ሰው ሰፈሩ ውስጥ ቢገደል ጎረቤት ገዳዩን ያውቀዋል፤ ባያውቀውም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠረጥረው ኖሯል። መንገድ ላይ ሲገደል ግን በዙሪያው ያሉት ሁሉ ከትኬታቸውና ከገዛ ምላሳቸው ሌላ ታሪክ የላቸውም። ለደራሲ ከዚህ የበለጠ ሲሳይ ከየት ይመጣል?

በዚህ ሲሳይ እንደ እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ የተጠቀመ የለም። በባቡር ገድላለች፣ በአውሮፕላን ገድላለች፣ በመርከብም ገድላለች፤ ያውም አባይ ላይ፣ በእኛው ውሃ፣ ፈቃድ እንኳ ሳትጠይቅ። ከሁሉም ግን አንባቢ እስከ ዛሬ የሚሻማው እ.ኤ.አ. በ1934 የታተመውን «ግድያ በኦሪየንት ኤክስፕረስ» ነው።

ባቡሩ ከኢስታንቡል ተነሥቶ አውሮፓን አቋርጦ ወደ ፈረንሳይ ይጓዛል። በሁለተኛው ሌሊት፣ በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ ቪንኮቭጺና ብሮድ በሚባሉ ከተሞች መካከል የበረዶ ክምር ሐዲዱን ይዘጋዋል። ሲነጋ ራቼት የተባለ አሜሪካዊ ሀብታም ከውስጥ በተቆለፈ ክፍሉ ሞቶ ይገኛል። አሥራ ሁለት ጊዜ ተወግቷል፤ አንዳንዱ ቁስል ጥልቅ ነው፣ አንዳንዱ ጭረት ብቻ ነው፣ አንዳንዱ በቀኝ እጅ፣ አንዳንዱ በግራ እጅ የተወጋ ይመስላል። ዕድል ሆኖ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ቤልጅጋዊው ጡረተኛ ፖሊስ ኤርኩል ፗሮ ነው። ጢሙን ከነፍሱ አስበልጦ የሚንከባከብ ሰው ነው። መንከባከቡ ደግሞ ለከንቱ አልሆነም፤ በግማሽ የተቃጠለውን የወረቀት ቁራጭ አሙቆ ያነበበው በጢም ማስተካከያ ምድጃው ነው።

ከዚህ በኋላ መጨረሻውን ሳልናገር መጻፍ አልችልም። ዘጠና ዓመት ያለፈው ምስጢር ነው፤ ቢሆንም መጽሐፉን ያላነበበ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ እንደ ታክሲው ደንብ ወራጅ ካለ አሁኑኑ ይናገር። በረዶ ይዞን ስለቆምን ለመውረድ ይመቻል። ዱካው ግን በረዶው ላይ እንደሚታይ ይወቀው።

የቀረነው እንቀጥል። ክሪስቲ ስለዚህ ባቡር የጻፈችው በወሬ ሰምታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 ከመጀመሪያ ባሏ ተፋትታ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች በመርከብ ለመሄድ ትኬት ቆርጣ ነበር። አንድ ምሽት እራት ላይ ከባግዳድ የተመለሱ ባልና ሚስት አጠገብ ትቀመጣለች። ወሬያቸው ይስባታል፤ በኦሪየንት ኤክስፕረስ ወደዚያ መሄድ እንደሚቻል ስትሰማ ደግሞ ካሪቢያኑን ሰርዛ ባቡሩን ያዘች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ብቻዋን ናት። በዚያው በጥንታዊቷ ኡር ከተማ ቁፋሮ ሲያደርጉ የነበሩ ሰዎችን ተዋወቀች፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ተመልሳ ስትሄድ ማክስ ማሎዋን የሚባለውን ወጣት የአርኪዮሎጂ ባለሙያ አገኘች፣ በዚያው ዓመትም ተጋቡ። ከባል ተፋትቶ ተሳፍሮ ባል ይዞ የተመለሰ ሰው ባቡሩን ቢወደው አይፈረድበትም።

እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ ላይ ከባሏ የቁፋሮ ቦታ ብቻዋን ስትመለስ ደግሞ ጎርፍ ሐዲዱን ቦርቡሮት ባቡሩ መንገድ ላይ ቆመ። እሷም ከመበሳጨት ይልቅ አብረዋት የነበሩትን ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ እያጠናች ለባሏ ደብዳቤ ጻፈች። «በእኛ አገር ቢሆን እኮ አንድ ነገር ያደርጉ ነበር» እያሉ የሚያማርሩ አሜሪካዊት አሮጊት ሳይቀሩ ከደብዳቤው ገብተዋል፤ ልብወለዱ ውስጥ ደግሞ ወይዘሮ ሃባርድ ተብለው፣ ስለ ልጃቸው ሳይጠየቁ የሚያወሩ ሆነው ተመለሱ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ክረምት፣ ባቡሩ ቱርክ ውስጥ ቸርኬዝኮይ አካባቢ በበረዶ ተይዞ ለቀናት ቆሞ ነበር፤ ይህን ጋዜጣ ሁሉ ጽፎታል። በ1932 ደግሞ አትላንቲክን ብቻውን ሳያርፍ በአውሮፕላን በማቋረጡ ዓለም ያወቀው የቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ልጅ ከአልጋው ተሰርቆ፣ ቤዛው ተከፍሎ፣ ሞቶ ተገኘ። በምርመራው የተጨነቀች አንዲት የቤት ሠራተኛም ራሷን አጠፋች። ክሪስቲ ጎርፉን በበረዶው ለውጣ፣ በላዩ ላይ የዚያን ቤት ሐዘን ጫነችበት። መጽሐፉ ሲወጣ በእውነተኛው ጉዳይ ገና ማንም አልተያዘም ነበር፤ ተጠርጣሪው የተያዘው በዚያው በ1934 መስከረም ወር ነው። ልብወለዱ ፖሊስን ቀደመ ማለት ነው።

አሁን ወደ በረዶው። በዚህ ታሪክ ትልቁን ሥራ የሠራው ፗሮ ሳይሆን በረዶው ይመስለኛል። ውጭው ንጹህ ነጭ ነው፤ ዱካ የለበትም፣ ስለዚህ የወጣ የለም፣ ስለዚህ ገዳዩ አሁንም አብሮን ቁርስ እየበላ ነው። ስልክ የለም። የተሳፋሪውን ስምና ሥራ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቁት መሥሪያ ቤት የለም። የሚመጣ ፖሊስ ለጊዜው የለም። ያለው ምግብ ቤት የሆነው ፉርጎ፣ ወረቀትና እርሳስ፣ እንዲሁም አፍ ብቻ ነው። ፗሮ እዚያ ይሰየምና ሰዉን በተራ በተራ ያስጠራል።

ይህን ሳነብ «አውቀዋለሁ» አልኩ። አያቶቻችን አውጫጭኝ የሚሉት ነው፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። የታመኑ ሽማግሌዎች ይመረጡና የእያንዳንዱን ቃል ይሰማሉ። ጥፋተኛው ካልወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ እርሻው ይጠብቅ፣ ጥጃው ያልቅስ። ጭራሽ ካልተገኘ ደግሞ ጉዳቱን ሁሉም ያዋጣል። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ይህንኑ ሥርዓት ይዞ፣ ከአንድ የተቃጠለ ጎጆ ተነሥቶ፣ «አፈርሳታ» የሚል ልብወለድ በእንግሊዝኛ ጽፏል። ሥርዓቱን ያየ ሰው ኦሪየንት ኤክስፕረስ ላይ ባዳ አይሆንም። ሜዳው ፉርጎ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንድ ጡረተኛ ፖሊስ፣ አንድ ግሪካዊ ሐኪምና የባቡር ድርጅቱ ሹም ሙሴ ቡክ። ሰዉን ሰብስቦ አላስወጣ የሚለው የጭቃ ሹሙ ሥራ ለበረዶው ተሰጠ።

አውጫጭኝ ግን ብርቱ የሆነውን ያህል አንድ ስስ ቦታ አለው። ከተሰበሰበው ሰው መካከል ቢያንስ አንዱ እውነቱ እንዲወጣ ይፈልጋል ብሎ ያምናል። ሥርዓቱ የቆመው በዚያ ሰው ላይ ነው፤ ማታ ተደብቆ ለሽማግሌ ሹክ በሚለው፣ «ወፍ ነገረችኝ» በሚባልለት ሰው ላይ። ሜዳው ላይ የቆመው ሁሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ተማክሮ የመጣ እንደሆነስ?

ክሪስቲ የጨከነችው እዚህ ላይ ነው። ግን ወዲያው አትነግረንም፤ በመጀመሪያ ሙሴ ቡክን ትለቅብናለች። ይህ ሹም ደግ፣ ቸርና እንግዳ ተቀባይ ሲሆን የምርመራ ዘዴው ግን አንድ ብቻ ነው፤ «አገሩ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጣሊያን ነው? በቃ እሱ ነው፤ ጣሊያን በጩቤ ነው የሚወጋው። እንግሊዛዊ ነው? እንግዲያው አይደለም፤ እንግሊዝ ደሙ ቀዝቃዛ ነው። አንዱን አገር ጠርጥሮ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይሻገራል። የሚያስቀው እኛም በሆዳችን አብረነው መሻገራችን ነው። እኔ ከመንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት ቅጂ ላይ አንድ ቅን አንባቢ ከጣሊያኑ ስም አጠገብ በእስክሪብቶ «ገዳዩ ይኸው» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ብዙ ገጽ ስረግመው ከረምኩ። ስጨርስ ግን ዋሸ ለማለት አልቻልኩም፤ ከአሥራ ሁለት አንድ እጁን ትክክል ነበር።

አዎ፣ ሁሉም ናቸው። ይህን የማያስታውቅ ነገር ማን ሊገምተው ይችላል? ደራሲው ሬይመንድ ቻንድለር እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ ምርመራ ልብወለድ በጻፈው ጽሑፍ በዚህ አፈታት ክፉኛ ተሳልቆበታል፤ ሊገምተው የሚችል ሞኝ ብቻ ነው እስከ ማለት ደርሷል። እኔ ደግሞ ታሪኩን ለአክስቴ ስተርክላት ነበር፤ እሷ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ገና በረዶው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ቆይ፣ ወቅቱ ሰው የሚሄድበት ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። እንዲያውም የባቡሩ ሹም ‹በዚህ ወራት እኮ ባዶ ነበር የሚሄደው› ብሎ ተደንቋል።»

«ታዲያ ሞልቷል?»

«ጢም ብሎ።»

«እንግዲያው ወይ ሠርገኛ ነው ወይ ለቀስተኛ ነው። ተጠራርተው ነው የመጡት።»

«እንዴ! አይተዋወቁም እኮ። አንዷ ስዊድናዊት ናት፣ አንዷ የሩሲያ ልዕልት ናት፣ አንዱ የመኪና ሻጭ...»

«ሞልቷል አላልከኝም?» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ያቺ የሞላች ፉርጎ በእርግጥም የመጽሐፉ የመጀመሪያዋ ፍንጭ ናት፤ ክሪስቲ ገና ሬሳ ሳይኖር ፊታችን አስቀምጣልን እናልፋታለን። ስለ ቻንድለር ለአክስቴ አልነገርኳትም።

ለቀስተኛ ያለችውም ልክ ነው። ራቼት እውነተኛ ስሙ ካሴቲ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ዴይዚ አርምስትሮንግ የምትባል ሕፃን ሰርቆ፣ ቤዛ ተቀብሎ የገደለ፣ በገንዘብና በሕግ ቀዳዳ ያመለጠ። በእሷ ሞት ሰበብ እናቷ ያለጊዜዋ ወልዳ ከነሕፃኑ ሞተች፣ አባቷ ራሱን ገደለ፣ ያለጥፋቷ የተጠረጠረች የቤት ሠራተኛም ራሷን አጠፋች። ተሳፋሪዎቹ የዚህ ቤት ሰዎች ናቸው። ለፍላፊዋ ወይዘሮ ሃባርድ ስመ ጥር ተዋናይት የነበረች የሕፃኗ አያት ናት። ልዕልቷ የእናትየዋ ክርስትና እናት፣ ስዊድናዊቷ የሕፃኗ ሞግዚት፣ የልዕልቷ ደንገጡር ነኝ ያለችው ጀርመናዊት ወጥ ቤት፣ ጣሊያኑ ሾፌር፣ ቆፍጣናዋ እንግሊዛዊት ወጣት የቤት አስተማሪ ነበሩ። የፉርጎው አስተናጋጅ ፒየር ሚሼል ደግሞ ራሷን ያጠፋችው ሠራተኛ አባት ነው። የሃንጋሪው መስፍን ሚስት የሕፃኗ አክስት ናት፤ እሷ እጇን እንዳታስገባ ባሏ በእሷ ፈንታ ወጋ። አሥራ ሁለት ቁስል፣ አሥራ ሁለት ሰው።

እንግሊዛዊ አንባቢ እዚህ ሲደርስ መጽሐፉ ከእጁ ይወድቃል ይባላል። ለእሱ ተሳፋሪ ማለት ከጎኑ ተቀምጦ ጋዜጣውን ወደ ላይ አንሥቶ ፊቱን የሚሸፍን ሰው ነው፤ ዘመድ ሆኖ መገኘቱ ያስደነግጠዋል። እኛ ግን ሁለት ሰዓት አብሮን የተቀመጠን ሰው አጎቱን ከአጎታችን ሳናገናኘው አንወርድም። ፗሮ ያን ሁሉ ጠይቆ፣ መሐረብ አገላብጦ፣ ሰዓት ቆጥሮ፣ በመጨረሻ የደረሰው የእኛ ተሳፋሪ ከሚጀምርበት ጥያቄ ላይ ነው፤ የማን ቤት ሰዎች ናችሁ?

ፗሮን ግን ላሳንሰው አልፈልግም፤ አንድ ነገሩ ያስደንቀኛል። ሙሴ ቡክ የአገሮቹን ብዛት አይቶ «እነዚህ ሰዎች ሊተዋወቁ አይችሉም» ሲል፣ ፗሮ ያንኑ ብዛት አይቶ ይህን ሁሉ ሕዝብ አንድ ጣሪያ ሥር የሚሰበስብ አገር የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱ አሜሪካ ነው፤ በአሜሪካ የሀብታም ቤት ሾፌሩ ጣሊያን፣ ሞግዚቷ ስዊድናዊት፣ ወጥ ቤቷ ጀርመናዊት ልትሆን ትችላለች። ዛሬ ቢጻፍ ቤቱ ሪያድ ወይም ዱባይ በሆነ ነበር፤ ሾፌሩ ከአንድ አገር፣ ወጥ ቤቱ ከሌላ፣ ልጅ ያዧ ከእኛ። የዚያ ቤት ሰዎች በአንድ ባቡር ቢሳፈሩ አስተናጋጁ ዝምድናቸውን ከፓስፖርታቸው ሊያነብ አይችልም። የቤቱን ነገር ግን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ስለ ፍርዱ አንድ ቅሬታ አለኝ። ፗሮ ሁለት መልስ ያቀርባል። አንዱ «ከውጭ የገባ ሰው ገድሎ ወርዷል» የሚል ሲሆን በረዶው ራሱ የሚስቅበት ነው። ሌላው እውነቱ ነው። ሙሴ ቡክና ሐኪሙ ትንሽ አስበው የመጀመሪያውን መረጡ፤ ለፖሊስም እንዲያ ይነገር ተባለ። አውጫጭኙ ጥፋተኛ ሳያወጣ ተበተነ፤ ካሳም ያዋጣ የለም። ደም መላሽን የሚያውቅ አገር ሰው ስለሆንኩ አላስደነገጠኝም። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ክሪስቲ ፍርዱን አቅልላልናለች። ራቼት ገና ሲገባ ዓይኑ ክፉ፣ መልኩ የሚያስጠላ ነው። ጠብቀኝ ብሎ ሃያ ሺህ ዶላር ቢያቀርብለት ፗሮ ፊትህን አልወደድኩትም ብሎ መለሰው። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል፤ ይሄ ምስኪን ስሙም የውሸት ነበር። ካሴቲ ጨዋ የሚመስል፣ ለልጆች ከረሜላ የሚያድል ሽማግሌ ቢሆን ኖሮ፣ በእንቅልፍ መድኃኒት ደንዝዞ የተኛን ሰው አሥራ ሁለት ሆነው መውጋታቸውን በዚያ ቅለት የምንቀበል አይመስለኝም። ያ መጽሐፍ ግን ምናልባት ለዘጠና ዓመት አይነበብም ነበር።

ስለ ፊልሞቹ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ1974ቱ ፊልም ስዊድናዊቷን ሞግዚት የተጫወተችው ኢንግሪድ በርግማን ኦስካር ወስዳበታለች። ገዳዩን በዝናው ለሚለይ ተመልካች፣ ማለትም «ይህን የሚያህል ተዋናይ በነፃ አላመጡትም» ለሚል፣ ይህ ፊልም ወጥመድ ነው፤ ሁሉም ዝነኛ ነው። ያም ተመልካች እንደዚያ ቅን አንባቢ በከፊል ልክ ይሆናል።

ከፊልሙ ይልቅ ሁለተኛ ንባብ ይሻላል። መጨረሻውን አውቆ ሲጀምሩት መጽሐፉ ኮሜዲ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ያደረጉትን ዝግጅት አስቡት። ከየአገሩ ተጠራርተዋል፤ የፉርጎውን አልጋ በሙሉ ይዘዋል። አንዷን አልጋ ሰው እንዳይተኛባት ሃሪስ በሚባል፣ በዓለም ላይ በሌለ ሰው ስም ትኬት ቆርጠውላታል። አስተናጋጁ የራሳቸው ነው። ባዳ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኗል። ከዚያ ባቡሩ ሊነሣ ሲል አንድ አጭር፣ ጢሙን ያሾለ ሰውዬ ያለ ትኬት ይመጣል። ሚሼል «ሞልቷል» ይላል፤ በዚያ ጉዞ ከተናገራቸው ጥቂት እውነቶች አንዱ ነው። ሰውዬው ግን የሙሴ ቡክ ወዳጅ፣ የአገሩ ልጅ ነው። ሙሴ ቡክም ሹም ለወዳጁ የሚያደርገውን አደረገ፤ ሚስተር ሃሪስ ከዘገየ ዘገየ፣ አልጋው ለወዳጄ ይሰጥ አለ። በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተስፋ ቆርጠው፣ ያን ሁሉ መክረው የመጡትን ሰዎች ያጋለጣቸው በዘመድ የተገኘ አልጋ ነው።

ሚሼል ምን ያድርግ? የአለቃ ትእዛዝ ነው፤ የሰውዬውን ሻንጣ ይዞ የራቼት ጸሐፊ የሆነው ወጣቱ ማክዊን ካለበት ክፍል አስገባው። ማክዊን ቀና ብሎ ሲያየው አንድ ስህተት ሳይኖር አይቀርም ይላል። በመጀመሪያው ንባብ ይህ አልጋ መጋራት የማይወድ አሜሪካዊ ማጉረምረም ይመስላል። በሁለተኛው ግን ልጁ ከወዲያ ማዶ ከተኛው አለቃው ይልቅ ለራሱ ሐኪም ሳያስጠራ መቅረቱ ይገርማል።